ውዳድን ብልግና ሳስተምር

እሑድ፣ ጥቅምት 3

ሳሙናው የት ነው የሚገባው? ሐሙስ ዕለት አዲስ አውጥቼ መታጠቢያው ላይ አስቀምጬ ነበር፤ ዛሬ ሳየው እንደ ከረሜላ ተመጦ አልቋል። ማዳም ዓዚዛም አይታ "ትርሲት፣ ሳሙና ትበያለሽ እንዴ?" አለችኝ። ሳቅሁ። እሷም ሳቀች፤ የሷ ሳቅ ግን ቶሎ አለቀ።

እኔ ደግሞ ነገር ካልገባኝ ምግብ አይወርድልኝም። ለቤት ሠራተኝነት ድንበር ተሻግሬ ከመምጣቴ በፊት፣ ድሬዳዋ ሳለሁ፣ እናቴ "አንቺ ልጅ፣ የሰው ጓዳ ካላየሽ አያድርልሽም" ትለኝ ነበር። ከሰዓት ሰው ሁሉ ጋደም ሲል ኮሪደሩ ላይ ልብስ የማጣጥፍ መስዬ ተቀመጥኩ። ሌባው ተያዘ! የማዳም ልጅ ውዳድ ናት። ገባች፣ ታጠበች፣ ወጣች። ትንሽ ቆይታ ተመልሳ ገባች። እጇን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ አሸተተችና ሳሙናውን እንደገና አነሳች።

"ውዴ፣ ምን ነካሽ?"

"ምንም።" ከዚያ ሁለቱንም እጆቿን ዘረጋችልኝ። "ትርሲትዬ፣ በሞቴ እውነቱን ንገሪኝ። ምን ምን ይሸታል?"

"ሳሙና ሳሙና።"

"ከሳሙናው ሥርስ?"

ከሳሙናው ሥር! አጃኢብ! የአሥር ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከየት ታመጣለች?

"በሞቴ" የምትለው ከእኔ ወስዳ አይደለም፤ የውብነሽ ነው። ከእኔ በፊት እዚህ ቤት ትሠራ የነበረችው ውብነሽ የወሎ ልጅ ናት፤ ውዳድን ከአራስነቷ ጀምራ ያሳደገቻት እሷ ናት። ማዳም ጠዋት ወደብ አጠገብ ወዳለው ቢሮዋ ትሄዳለች። አባትየው ሳቢት የዓመቱን ግማሽ ባሕር ማዶ ነው። ስለዚህ ልጅቷ አፏን የፈታችው በአማርኛ ነው። ሶማሊኛዋ የእንግዳ፣ ፈረንሳይኛዋ የክፍል ውስጥ ነው፤ ስትስቅና ስትናደድ ግን የለየላት ወሎዬ ናት። ውብነሽ የተባረረችው ልጅቷ ታማ "እማዬ" ብላ ስትጣራ፣ እናትየው ሮጣ ብትደርስ "አንቺን አይደለም" ስላለቻት ነው ይባላል። እኔ ያንን ስለሰማሁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በስሜ እንድትጠራኝ አስለመድኳት። ብልጥ ነኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ጉርሻ እምቢ አለችኝ!

ልማዳችን ይህ ነው፦ ከእናቷ ጋር ጠረጴዛ ላይ በሹካ ትበላለች፣ ከዚያ ወደ ማድቤት ሾልካ መጥታ ከእኔ ሳህን ትቀምሳለች። እኔ አንድ አጎርሳታለሁ፣ እሷም አንድ ታጎርሰኛለች፤ የሷ ጉርሻ ግማሹ ቀሚሴ ላይ ይቀራል። ዛሬ ጠቅልዬ እጄን ብዘረጋ ፊቷን አዞረች። "ሹካ ስጪኝ" አለች። ኧረ ተይኝ! "ምነው እቴ፣ ፓሪስ ደርሰሽ መጣሽ?" ብላት አልሳቀችም።

ሌላም አለ። ለትምህርት ቤት የቋጠርኩላት ፍርፍር ክዳኑ እንኳ ሳይከፈት ተመልሷል። "ከነገ ጀምሮ ደረቅ ዳቦ ብቻ" አለችኝ። ደግሞ "በሩ ድረስ አትምጪ፣ ፋርማሲው ጋ ቆመሽ ጠብቂኝ" አለች።

ምን ይሆን? አድጋ ይሆናል፤ ልጅ ሲያድግ ያሳደገው ሰው ያሳፍረዋል። ወይ ሆዷን አሟት ይሆናል። ወይ መምህርቷ ስለ ንጽሕና አስተምራ አስፈራርታቸው ይሆን? ሆድ ሕመሙን ትቼዋለሁ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሰጠኋትን ዳቦ ሙልጭ አድርጋ ነው የበላችው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ቶሎ ቶሎ። እንግዶች አሉ፣ ሩዙ ምድጃ ላይ ነው።

ፋርማሲው ጋ አልቆምኩም፤ ማን ያስቆመኛል? በሩ ድረስ ሄድኩ። ሴቶች ልጆች ተሰብስበው "ሐበሺያድ! ሐበሺያድ!" ይላሉ። ሐበሻዊቷ ማለታቸው ነው። እኔን የጠሩ መስሎኝ በደስታ እጄን አወዛወዝኩላቸው። ያኔማ በሳቅ ፈረሱ። ውዳድ መሃላቸው ነበረች። እሷ አልሳቀችም።

እኔን ካልሆነ ማንን ነው የሚሉት? እዚያ ሌላ ሐበሻ አላየሁም።

ሩዙ!

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ዛሬ ፀጉሯን ስሠራት አወጣጣኋት። ፀጉር ሲሠራ ሰው ፊት ለፊት አይተያይም፤ ለዚህ ነው አፍ የሚፈታው።

ትምህርት የተከፈተ ሰሞን ዴካ የምትባል የክፍሏ ልጅ አጠገቧ ተቀመጠች። ሁሉም ጓደኛዋ መሆን የሚፈልግ ልጅ ናት አሉ፤ ስትስቅ ይስቃሉ፣ ስትቆም ይቆማሉ። ውዳድ ደስ አላት። ደስ ሲላት ደግሞ ምን ታውቃለች? የምሳ ዕቃዋን ከፈተች፣ ፍርፍሩን ጠቅለል አደረገችና ዴካን አጎረሰቻት።

"ከፍታልሽ ነው አፏን?" አልኳት። አሁን ይህ ይጠየቃል? ግን ማወቅ ፈለግኩ።

"እያወራች ነበር። አፏ ክፍት ነበር።"

"ከዚያስ?"

"ተፋችው። 'የቦዬስ እጅ!' ብላ ጮኸች።"

ቦዬስ እዚህ አገር የቤት ሠራተኛ ማለት ነው። እኔ ማለት ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ጨዋታ አውጥተውላታል። ውዳድ የነካችው ሁሉ፣ እስክሪብቶም ይሁን በርም ይሁን ኳስ፣ "ሐበሺያድ" አለበት። የነካ ሰው ሮጦ ሌላው ላይ መጥረግ አለበት። ያልጠረገ ቀኑን ሙሉ አፍንጫ ይያዝበታል። ክፍሉ በሙሉ ይጫወታል። መምህርቷስ ብላት፣ "ስሜን ስትጠራ 'አቤት' ብዬ ተነሳሁ፤ እሷም ሳቋ አመለጣት" አለችኝ።

ማበጠሪያው ከእጄ ወደቀ። ንድድ አልኩ። "ቆይ፣ አሁኑኑ ለእናትሽ ነው የምነግራት!" ብዬ ስነሳ፣ ግማሽ ፀጉሯ ተሠርቶ ግማሹ እንደቆመ ዞራ ቀሚሴን ያዘችኝ።

"እንዳትነግሪያት! 'አንቺ ነሽ ያስተማርሻት' ትልና ታባርርሻለች። እንደ ውብዬ።"

ለካ ዝም ያለችው ለእኔ ብላ ነው። ይህን ሁሉ ቀን እጇን ስትፈትግ የምትጠብቀው እኔን ነው።

ለማዳም መንገር እንዳለብኝ አውቃለሁ። ነገ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

አልነገርኩም። ማዳም ራሷን አሟት ነው የመጣችው፤ በዚያ ላይ ምን እላታለሁ?

አንድ ነገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ጉርሻ ለማያውቀው ሰው ምን ይመስላል? አስቤው አላውቅም። ዛሬ ሽንኩርት ስከትፍ አሰብኩት፤ አንድ ሰው ሳትጠይቀው ጣቶቹን ወደ አፍህ ይዞ ሲመጣ! እውነትም ያስደነግጣል። ዴካም ልጅ ናት፣ ደንግጣለች እንበል። ድንጋጤው ግን ያንድ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ምንድን ነው? ሰው የደነገጠበትን ነገር በየቀኑ እያነሳ ይጫወትበታል? ይህን የሚያውቅ ሰው ባገኝ እጠይቀው ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

መላ መጣልኝ! ያስተማርነው እኔና ውብነሽ አይደለን? እኔው አስረሳታለሁ። ለማዳም መንገርም አያስፈልግ፣ ማንም አይባረር።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ዓርብ እዚህ አገር የዕረፍት ቀን ነው፤ ማዳም ከከተማው ዳር ባልባላ ሰፈር እናቷ ዘንድ ሄደች። እኛ ሳሎን ውስጥ ትምህርት ቤት ከፈትን። ትምህርቱ ብልግና ነው።

አቦ፣ ብልግና ማስተማር እንዲህ ይከብዳል እንዴ? "ስጠራሽ ዘወር ሳትዪ 'ምን?' በይ" አልኳት፤ በሶማሊኛ ነው ሁሉም። "ውዳድ!" ስላት "አቤ..." ብላ አፏን በመዳፏ ያዘች። ደግመን ደጋግመን ሞከርነው። ብርጭቆ ስሰጣት በሁለት እጇ ትቀበለኛለች። "በአንድ እጅ! እያየሽኝ አይደለም፣ ሌላ ቦታ እያየሽ!" ትልቅ ሰው ሆኜ ስገባ ብድግ ትላለች። ትከሻዋን ይዤ አስቀመጥኳት። በሳቅ ሞትን። ከስንት ጊዜ በኋላ ስትስቅ አየኋት።

ከዚያ ዋናውን ነገርኳት። እነዴካ "የቦዬስ ልጅ" የሚሏት ከእኔ ጋር ተቃቅፋ ስትሄድ ስላዩ ነው። ስለዚህ እሑድ ትምህርት ሲከፈት በሩ ላይ ስመጣ ቦርሳዋን ወርውራልኝ ቀድማ ትሄዳለች።

"አንቺ ላይ?"

"እኔ ላይ። ቲያትር ነው።"

ለልምምድ ቦርሳዋን ብሰጣት ቀስ ብላ እንደ እንቁላል አቀበለችኝ። "እንዲህ ከሆነማ ማን ያምናል? በደንብ! እንደምትጠዪኝ አድርገሽ!" እንደገና ሞከረች። መጨረሻ ላይ ደረቴን መታኝ። "ጎበዝ!" አልኳት። አለቀሰች፤ ከዚያ አጨበጨብኩላትና ሳቀች።

በቤት ውስጥም አማርኛ ቀርቷል ብዬ ወስኛለሁ። አፍ ካልለመደው አያመልጥም።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ተሳካ! ተሳካ!

በሩ ላይ ቆሜያለሁ። እነዴካ ከኋላዋ ናቸው። ውዳድ አገጯን ቀና አድርጋ መጣችና ቦርሳውን ወረወረችው። "ያዢ!" አለች በሶማሊኛ። ዘለበቱ ቅንድቤን ጫረኝ፤ ምንም አይደል። አንገቴን ደፍቼ አነሳሁት። ዴካ ሳቀች፤ ይሄኛው ሳቅ ግን ሌላ ዓይነት ነው፣ ልብ ብዬ ነው የሰማሁት። እስከ ፋርማሲው ድረስ ከውዳድ ጎን ሄደች። እኔ ከኋላ።

ቤት ስንገባ ውዳድ ቅንድቤን አየችና በአማርኛ ልትናገር አፏን ከፈተች። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ። በሶማሊኛ "ያምሻል?" አለችኝ። አያምም አልኳት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ነክቶ የመጥረጉ ጨዋታ ቆሟል። ትናንት ከነዴካ ጋር ገመድ ዘለለች። ማዳም ደስ ብሏታል፤ "ሶማሊኛዋ ተስተካከለ፣ ምን አድርገሽ ነው?" አለችኝ። ሳቅሁ።

ማታ ማታ አብረን የምናወራው ቀርቷል። ይቅር። ለሷ ከሆነ ምን ገዶኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ዴካ ቤት መጣች! ምን ትመስል ይሆን ብዬ በሰበቡ ሁሉ ክፍሉ ገባሁ፤ ጭማቂ፣ ብስኩት፣ የማያስፈልግ ፎጣ። ጭራቅ ጠብቄ ነበር መሰለኝ። ቀጭን፣ ጥርሷ የተሰበረ ልጅ ናት። ብቻዋን ስትሆን ጥፍሯን ትበላለች። እሷስ ማንን ፈርታ ነው?

ውዳድ ከአልጋዋ ሳትነሳ "ውኃ!" ብላ ጠራችኝ። ውኃው እጇ የሚደርስበት ቦታ ነበር። ይህን እኔ አላስተማርኳትም። ወይስ ከተማረችው የቀጠለ ነው? ቀድቼ ሰጠኋት። ወደ ሌላ ቦታ እያየች በአንድ እጇ ተቀበለችኝ።

እንግዳ ስለነበረ ነው። ከሄደች በኋላም ግን እንደዚያው ነበረች።

እሑድ፣ ኅዳር 15

አዲስ ልጅ ገብታለች። ዙለይካ ትባላለች፣ እናትየው የሐረር ሴት ናት፣ አባትየው ከድሬዳዋ ጨርቅ እያመጣ እዚህ ይሸጣል። በሩ ላይ እናትየው በአማርኛ "እህት፣ የስንተኛ ክፍል ልጅ ነው የምትጠብቂው?" ስትለኝ ላቅፋት ምንም አልቀረኝም። እስኪደወል ድረስ ለፈለፍኩባት። ልጅቷ እናቷ ሥር ተሸጉጣ "እንደምን ዋሉ" አለችኝ። አንቱ ተባልኩ፣ ከስንት ዘመን በኋላ!

ለውዳድ ነገርኳት፤ "አዲሷ ልጅ ሰው አታውቅም፣ አየት አድርጊያት።"

"አይቻታለሁ" አለች በሶማሊኛ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

እንዴት ብዬ ልጻፈው።

ዛሬ ቀድሜ ደረስኩ። በግቢው አጥር ጥግ ቆሜ ነበር። አንድ ድምፅ በአማርኛ ሲናገር ሰማሁ። መጀመሪያ ደስ አለኝ! የውዳድ ነው፤ ከዚያች ዓርብ ወዲህ ከአፏ አማርኛ ሰምቼ አላውቅም፣ ጆሮዬ ናፍቆት ነበር።

"ወዲያ በይ አንቺ! አትንኪኝ! እጅሽ ይሸታል፣ ብትታጠቢው አይለቅም!"

በቀዳዳው አየሁ። ዙለይካ ግድግዳውን ተደግፋለች፣ እጆቿን ወደ እጅጌዋ አስገብታለች። እነዴካ ምን እንደተባለ አልገባቸውም፤ ውዳድን ትከሻዋን እየነቀነቁ "ምን አልሻት? ምን አልሻት?" ይላሉ። ውዳድ በሶማሊኛ ትተረጉምላቸዋለች፣ እነሱ ይንከተከታሉ፣ ከዚያ "ሌላ በያት" ይሏታል። ሌላም አለቻት። አንዳንዱን እኔ በቀልድ የምናገረው ነው፤ የድምፄን አወራረድ ሳይቀር ይዛዋለች። እነሱ በማያውቁት ቋንቋ፣ ዙለይካ በደንብ በምታውቀው ቋንቋ። ከእነሱ ሁሉ እንዲህ አድርጎ መስደብ የምትችል እሷ ብቻ ናት።

መግባት ነበረብኝ። መጮህ ነበረብኝ። ደወሉ ተደወለ፣ ውዳድ ወጣች፣ ቦርሳውን ወረወረች፣ እኔ ምን አደረግኩ? ቀለብኩት። እጄ ለምዶት ቀለበው!

ቤት ስንደርስ በአማርኛ ጠየቅኳት። "ለምን?"

ጫማዋን አወለቀች። "እሷ ከሌለች እኔ ነኝ" አለች። ከዚያ ክፍሏን ዘጋች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19፣ ጠዋት

ዛሬ እነግራታለሁ። ማዳም ከሥራ ስትገባ። "ነገ" ብዬ የተውኩት ነው እዚህ ያደረሰን። ለልጅቷ ብዬ ነው እል ነበር፤ ሥራዬን ፈርቼም ነበር። ሌላም አለ፤ ልጅቷ ከእኔ ጋር ብቻ የምታወራው ቋንቋ መኖሩ ደስ ይለኝ ነበር። እናትየው ሳይገባት ስንስቅ ደስ ይለኝ ነበር። ይኸው ጻፍኩት።

ዓርብ፣ ኅዳር 20

ትናንት ማዳም ጫማዋን ሳታወልቅ ያዝኳት። ሁሉንም ነገርኳት። ፍርፍሩን፣ ጉርሻውን፣ ሳሙናውን፣ ዙለይካን። ሳታቋርጠኝ ሰማች። የቦርሳው ነገር ጋ ስደርስ ግን "ከዚያ ከነዴካ ጋር ታረቀች" ብዬ ዘለልኩት። እዚያም ላይ ፈራሁ፣ አይ እኔ!

"ለምንድን ነው ለእኔ ያልነገረችኝ?" አለች ማዳም። መልሴን አልጠበቀችም፤ ውዳድን ጠራቻት።

ውዳድ መጥታ መሃላችን ቆመች። ማዳም ወንበር ስባ ተቀመጠችና፣ ተቆጥታ አይደለም፣ እጇን ይዛ በሶማሊኛ "ንገሪኝ" አለቻት። ውዳድ ጀመረች። "ዴካ..." አለች። "ዴካ እኔን..." አለች። ቃሉ አልመጣላትም። ያ ሁሉ የተስተካከለ ሶማሊኛ የገመድ ዝላይና የ"ውኃ አምጪ" ነበር፤ ለዚህ የሚሆን ቃል የለውም። ከዚያ እንባዋና አማርኛዋ አንድ ላይ ወጣ።

ማዳም የልጇን አፍ እያየች ሰማች። ምንም አልገባትም። ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

"ምን አለች?"

ተረጎምኩ። "በእረፍት ሰዓት ሽንት ቤት ውስጥ እደበቅ ነበር ትላለች።"

"ምን አለች?"

"ዙለይካ ስትመጣ ደስ አለኝ ትላለች። አሁን እሷን ይይዟታል ብላ። ከዚያ ደግሞ አስጠላኝ ትላለች። ራሷን ነው፣ ራሴ አስጠላኝ ነው የምትለው።"

ማዳም በአንድ እጇ አፏን ይዛ በሌላው የልጅቷን እጅ አልለቀቀችም። ውዳድ ወደ እኔ ዞረች፤ ፊቷ ቀልቷል፣ ንፍጧ ይወርዳል።

"ትርሲት ናት ሰው ላይ መወርወር ያስተማረችኝ!" አለች። "እኔ አልፈልግም ነበር። 'በደንብ፣ እንደምትጠዪኝ አድርገሽ' አለችኝ። ስመታት 'ጎበዝ' አለችኝ!"

ማዳም ወደ እኔ ዞረች።

"ምን አለች?" አለችኝ ማዳም።

ውዳድ ራሷ የተናገረችው አሁን ገና ገባት መሰለኝ፣ ዓይኗ ፈጠጠ። በቀስታ፣ በአማርኛ፣ "ይህን ተይው" አለችኝ። "ትርሲትዬ፣ ይህን አትንገሪያት። ሌላ ነገር ነው ያለችው በያት።"

መዋሸት ይቻል ነበር። ቤቱ ውስጥ ከእኛ ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

"ትርሲት፣ ልጄ ምን አለች?"

ነገርኳት። ቃል በቃል፣ ሳልቀንስ። "አትንገሪያት" ያለችውንም ነገርኳት።